እንግዳው መጣ፣ ክፍሉ የለም፦ የማረፊያ ቤት ሲስተም የቀን ችግርና መፍትሄው

ምልክቱ፦ እንግዳው ሻንጣውን ይዞ ሪሴፕሽን ላይ ቆሟል፤ ሲስተሙ ግን አያውቀውም። ጎንደር ላይ በጥምቀት ሰሞን ስልኬ የሚጮኸው በዚሁ ነው። ኔትወርኩንና ፓስወርዱን አይታችሁ ከጨረሳችሁ ቀን መጻፊያውን ክፈቱ።

ምክንያቱ፦ ቀን መጻፊያው የእኛን ይሁን የፈረንጁን አቆጣጠር እንደሚፈልግ አይናገርም። በ2017 ለከተራ ፒያሳ አካባቢ አንድ ማረፊያ ቤት ተጠራሁ። ልጅቷ ስልክ ተቀብላ 10/5/2017 ብላ ጽፋ ነበር፤ ጥር አምስተኛ ወር ነውና ልክ ናት። ሲስተሙ «ያለፈ ቀን» ብሎ በቀይ መለሰላት። የፈረንጅ ነው የሚፈልገው ብላ ዓመቱን ብቻ 2025 አደረገችው፤ ዝም ብሎ ተቀበላት። ክፍሉ ለሜይ 10 ተያዘ። ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ሲወርዱ አንድ አባት ከነቤተሰባቸው ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል። «ልጄ፣ ከደወልኩ እኮ ወር አልፎኛል» አሉኝ። ባለቤቱ ልጅቷን ሊያባርራት ነበር። ጥፋቱ የእሷ አይደለም! ስህተቱን የጋበዘው ፎርሙ ነው።

የዕለቱን ስም አብሮ ማሳየት ጥሩ ነው፣ በሁለቱም አቆጣጠር ቅዳሜ ቅዳሜ ነውና። እዚህ ግን አያድናትም ነበር፦ ጥር 10/2017 ቅዳሜ፣ ሜይ 10/2025ም ቅዳሜ።

መፍትሄው፦ ወር በቁጥር አይጻፍ። «ጥር» ተብሎ ከዝርዝር ይመረጥ፣ ከሥሩ ወዲያው «ጃንዋሪ 18፣ 2025» ይምጣ። ሠራተኛው ሁለቱንም ለደዋዩ ሳያነብ አይመዝግብ። ዳታቤዙ (መረጃው የሚቀመጥበት ቋት) አንድ አቆጣጠር ብቻ ይያዝ፣ ቅየራው ማሳያው ላይ ይሁን። ቅየራውን ደግሞ «ይህን ያህል ቀን ቀንስ» ብላችሁ በግምት አትሥሩት፤ ጥምቀት በ2016 ጃንዋሪ 20፣ በ2017 ጃንዋሪ 19 ነው የዋለው። ይህን ሳያጣሩ ሲስተም የሚሸጡ ሰዎች ያናድዱኛል።

ማስጠንቀቂያ፦ የኮምፒውተሩን ቀን ወደ እኛ ዓመት አትመልሱት። ብሮውዘሩ የድረ ገጾቹን ሰርተፍኬት (የማንነት ማረጋገጫቸውን) ቀኑ ገና ነው ብሎ አልቀበልም ይላል፣ ኢንተርኔት የተበላሸ ይመስላችኋል። አትንኩት!

ሰዓት፦ እንግዳው «ጠዋት 2 ሰዓት» ሲል 2:00 ተብሎ ከተመዘገበ፣ መኪናው አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ የሚሄደው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ማታ፣ ሌሊት ሳይመረጥ ፎርሙ አይለፍ።

ጳጉሜን ከዝርዝሩ ከጠፋች ጨምሯት፤ በ2015 6 ቀን ነበረች፣ 5 ላይ አትቁረጧት።

ስም ፈልጋችሁ ካጣችሁ በአባት ስም ተመዝግቦ ይሆናል፤ በሁለቱም ፈልጉ።