ለሚያድግ ልጅ የብርድ ጃኬት ስትገዙ

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ጠዋት ውርጯ አጥንት ድረስ ይገባል። ታዲያ ብዙዎቻችን «ያድግበታል» ብለን ሁለት ቁጥር የሚበልጥ ጃኬት እንገዛለን። እኔም ለልጄ ገዝቼለት ነበር። ጠዋት ትምህርት ቤት ሲሄድ ነፋሱ ከታች እየገባ እንደ ፊኛ ይነፋዋል፣ እየተንቀጠቀጠ ነው የሚደርሰው። ዋናው የሚያሞቀው ልብሱ ውስጥ የሚያዘው አየር ነው፤ ጃኬቱ ሲሰፋ ያ የሞቀ አየር ይወጣል። በጣም ሲጠብም ሹራቡን ይጨፈልቀውና ለአየሩ ቦታ አይተርፍም።

ስለዚህ ልጁን ይዛችሁ ሂዱ፣ ሹራቡንም እንደለበሰ ይለካ። ዚፑን እስከ አንገቱ ዝጉ፣ እጁን ወደ ላይ ያንሳ፣ ከዚያ ቁጢጥ ይበል። ወገቡ ከተጋለጠ ወይም ብብቱ ላይ ከያዘው ተዉት። የትከሻው ስፌት ትከሻው ጫፍ ላይ ይረፍ። ለማደጊያ እጅጌው ብቻ ይበቃል፤ ሁለት ጣት ያህል ቢረዝም ወደ ውስጥ አጥፋችሁ በእጅ ጠቅሙት፣ በዓመቱ ትፈቱታላችሁ። ሰልባጅም ቢሆን ግድ የለም፤ ብቻ ዚፑንና የእጅጌውን ላስቲክ ደጋግማችሁ ፈትሹ።