በተፈናቀሉ ሴቶች መካከል የቁጠባ ቡድን እንዴት ይቋቋማል?

ግጭት ከቀያቸው ያፈናቀላቸውን ሴቶች ማገዝ ሲባል ቶሎ የሚታሰበው ስልጠና ወይም የልብስ ስፌት መኪና ነው። ግን ገዢ በሌለበት ቦታ የተሰፋውን ልብስ ማን ይገዛዋል? ባንክና ገበያ በራቁበት አካባቢ ሴቶቹ ራሳቸው የሚያዙበት የቁጠባ ሣጥን ብዙ ጊዜ የበለጠ ይጠቅማል። ይህን አሠራር ኬር የተባለው የእርዳታ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1991 ኒጀር ውስጥ ጀመረው፤ ዛሬ በብዙ አገሮች ይሠራበታል። ከውጭ የሚመጣ ብድር የለውም። የሚበደሩት የገዛ ገንዘባቸውን ነው።

1. መጀመሪያ የሚበላ ነገር መኖሩን አረጋግጡ

ከልጆቿ አፍ ቀንሳ የምትቆጥብ እናት ተጎዳች እንጂ አልታገዘችም። ምግብ፣ መጠለያና ሕክምና ይቀድማሉ። እርዳታ ለማግኘት መቆጠብን ግዴታ ማድረግም ፈጽሞ ተገቢ አይደለም።

2. ስለ ቀናቸው ጠይቁ

ውሃ የሚቀዱት መቼ ነው? ማገዶ ፍለጋ የት ድረስ ይሄዳሉ? እርዳታ የሚታደለው በየትኛው ቀን ነው? የስብሰባው ሰዓት ከነዚህ ጋር መጋጨት የለበትም። ቦታው ልጅ ይዞ የሚመጣበት፣ መንገዱም የማያሰጋ ይሁን። ሳይመሽም ይበተኑ።

ከዚያ ከባዱ ጥያቄ ይመጣል። ገንዘብ እጇ ሲገባ ቤት ውስጥ ምን ይፈጠራል? ይህን እያንዳንዷን ለብቻ ጠይቁ፤ በሰው ፊት እውነቱን አትናገርም። ባሎችንና ሽማግሌዎችን ማነጋገር ብዙ ቦታ ይረዳል፣ አንዳንድ ቦታ ግን ጣጣ ያመጣል። የሚሻለውን የምታውቀው እሷ ናትና ሳትጠየቅ ለማንም አትንገሩ።

3. አባላቱን እነሱ ይምረጡ

ከ15 እስከ 25 ሴቶች ይበቃሉ። ስም ዝርዝር አዘጋጅታችሁ አትምጡ። የሚተማመኑ ሰዎች ይሰባሰቡ። ፈቃደኛ ከሆኑ ተፈናቃይና ነባር ነዋሪ ቢቀላቀሉ ጥሩ ነው፤ ነባሮቹም ብዙ ጊዜ ድሆች ናቸው፣ እርዳታው ሲያልፋቸው ቅሬታ ይፈጠራል። አካል ጉዳተኞችና አረጋውያን ግን ካልተጠየቁ ይረሳሉ። ቤታቸው ድረስ ሄዳችሁ ጠይቋቸው።

4. ሣጥንና ደንብ

ሣጥኑ ሦስት የተለያዩ ጓጉንቸሮች ይኑሩት። ቁልፎቹ በሦስት የተለያዩ አባላት እጅ ይቀመጣሉ፤ ሣጥኑን የምትይዘው አራተኛዋ ቁልፍ አትይዝም። ሣጥኑ የሚከፈተው በስብሰባ ላይ፣ በሁሉም ፊት ብቻ ነው። አንዷ እንኳ ብቻዋን ልትከፍተው አትችልም፣ የመተማመኑ መሠረትም ይኸው ነው።

ቁጠባው የሚለካው በድርሻ ነው፤ ድርሻ ማለት ዋጋው አስቀድሞ የተወሰነ አንድ የቁጠባ መጠን ነው። የአንድ ድርሻ ዋጋ ስንት ይሁን? እነሱ ይወስኑ፤ ከመካከላቸው ድሃ የሆነችው በቀላሉ የምትችለው ይሁን። በየስብሰባው አንዷ ከ1 እስከ 5 ድርሻ ትገዛለች። ለእያንዳንዱ ድርሻ ደብተሯ ላይ አንድ ማህተም ይመታል። ማንበብ የማትችል ሴት ማህተሟን ትቆጥራለች። ከዚህ ሌላ ለሕመምና ለሐዘን የሚሆን ትንሽ መዋጮ ለብቻ ይቀመጣል።

ሰላም ባለበት ቦታ አንድ ዙር፣ ማለትም ቁጠባው ከተጀመረበት ገንዘቡ እስከሚከፋፈልበት ያለው ጊዜ፣ ከ9 እስከ 12 ወር ይፈጃል። መፈናቀል ባለበት ግን አጭር ዙር እመርጣለሁ፤ ነገ የት እንደምታድር የማታውቅ ሴት ገንዘቧን ለዓመት ማሰር ይከብዳታል። አንዷ በድንገት ብትሄድ ድርሻዋ እንዴት ይከፈላል? ሁሉም አንድ ላይ መሸሽ ቢኖርባቸውስ? መልሱ ከመጀመሪያው ቀን በደንቡ ውስጥ ይግባ።

5. ብድር

አንዲት አባል ከቆጠበችው እስከ ሦስት እጥፍ ትበደራለች። 100 ያላት እስከ 300 ማለት ነው። ወለዱን ራሳቸው ይተምናሉ፣ የሚገባውም ለራሳቸው ነው። ገንዘቡ በብድር ሲወጣ ሣጥኑ ውስጥ የሚያድረው ትንሽ ስለሚሆን ለዘራፊም አያጓጓም።

6. ጥቃት የደረሰባት ሴት ብትኖር

ቡድኑ ሲተማመን የደረሰባትን የምትናገር ሴት ልትኖር ትችላለች። ዝርዝሩን አትጠይቁ፣ አትመርምሩ፣ ስሟን አትመዝግቡ። ገና ከመጀመሪያው በአቅራቢያ ያለው ሕክምና የት እንዳለ አጣርታችሁ ለሁሉም አባላት ንገሩ። ከተደፈረች በኋላ ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ ደግሞ እስከ 120 ሰዓት ይሰጣል። ሁለቱም በፈጠኑ ቁጥር ይሻላል። ሰዓቱ ቢያልፍም ለቁስሉና ለምክር አገልግሎቱ መሄድ አለባት። መሄድ አለመሄዱን ግን የምትወስነው ራሷ ናት።

7. ቀስ በቀስ ራቁ

መጀመሪያ በየስብሰባው ተገኙ። ሲለምዱት አልፎ አልፎ ብቻ እዩዋቸው። በዙሩ መጨረሻ ብድር ሁሉ ተመልሶ ቁጠባውና ወለዱ በድርሻ ይከፋፈላል። የምትወጣ ትወጣለች፣ አዲስ ትገባለች፣ የቀጣዩን ድርሻ ዋጋም እዚያው ይተምናሉ።