ቫልቭና ካርቡራቶር ቤታችሁ ስትነካኩ የምትሳሳቱት እዚ ጋ ነው

ደብረ ብርሃን ላይ በጥቅምት ውርጭ ሞተር ሳይክል ጠዋት አልነሳ ሲል ሁሉም ሰው እጁን መጀመሪያ የሚሰደው ወደ ካርቡራቶር፣ ቤንዚንና አየር ወደሚቀላቅለው ዕቃ ነው። ያው ውጪ ላይ ይታያላ፣ የሚዞር ብሎን አለው፣ ካቻቪቴ ደሞ ከማንም ቤት አይጠፋም። ቫልቭ፣ ማለት የሲሊንደሩ የአየር መግቢያና የጭስ መውጫ በር ግን ክዳን ስር ስለሆነ የሚያስታውሰው የለም። እኔ የማየው አብዛኛው ጣጣ የሚጀምረው ከዚሁ ከቅደም ተከተሉ ነው፣ የቫልቩ ክፍተት (ቫልቩና እሱን በሚገፋው ሮከር መሃል ያለው) ጠቦ ኮምፕሬሽን፣ ማለት ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው አየር እያመለጠ ካርቡራቶሩን ብታዞሩት ብታዞሩት ሚኒሞው (ጋዝ ሳትሰጡ የሚዞርበት ፍጥነት) አይረጋም፣ መጨረሻ ላይ ሁለቱንም አበላሽታችሁ ወደ ጋራዥ እየገፋችሁ ነው የምትሄዱት። ስለዚ መጀመሪያ ቫልቭ፣ ቀጥሎ ካንዴላና (ብልጭታ ሰጪው) የአየር ፊልትሮ፣ ካርቡራቶር መጨረሻ።

ሌላው ደሞ ሞተራችሁ የሚስተካከል ቫልቭ ይኑራት አይኑራት ሳታውቁ መጀመር ነው። አትሳቁ። የወረዳ ግብርና ጽ/ቤት ግቢ የምታዩዋት ያማሃ ኤጂ 100 ቱ ስትሮክ ናት፣ ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር ነው የምታቃጥለው፣ ታፔት የሚባል የሚስተካከል ቫልቭ የላትም፣ እሱን ፍለጋ ቴስታታዋን (የሲሊንደሩን ራስ) መፍታት በነፃ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያውን) ማበላሸት ነው። ባጃጅ ቦክሰር፣ ቲቪኤስ ስታር፣ ሆንዳ ኤክስኤል እነዚህ ፎር ስትሮክ ናቸው፣ ወሬው የሚመለከተው እነሱን ነው።

ኢንጂኑ ሳይበርድ መለካት። የቫልቭ ልኬት የሚሰጠው ለቀዝቃዛ ኢንጂን ነው፣ ብረት ሲግል ይለጠጣል ክፍተቱም ይቀየራል። ማታ አቁሟት፣ ጠዋት ሳታስነሱ ክፈቱት። እኛ አገር ለማቀዝቀዝ የሚቸገር ሰው የለም መቼም።

አሁን ወደ ዋናው። ጀማሪ በብዛት የሚሳሳተው ፒስተኑ የትኛው ላይኛ ጫፍ ላይ እንዳለ ባለመለየት ነው። ከቫልቭ ክዳኖቹ ሌላ ኢንጂኑ ላይ በግራ በኩል ያሉትን ሁለት ክዳኖች ትከፍታላችሁ፣ ካንዴላውን ታወጣላችሁ (መጀመሪያ ዙሪያውን ያለውን አቧራ ጠራርጉት፣ አለዛ ወደ ሲሊንደሩ ነው የሚገባው)፣ ከዛ መሃል ያለውን ዳዶ በመፍቻ ይዛችሁ ኢንጂኑ በሚዞርበት አቅጣጫ ቀስ እያላችሁ ታዞራላችሁ፣ በአብዛኞቹ ወደ ግራ ነው። በትንሿ ቀዳዳ በኩል የቲ ምልክት መጥታ ከጭረቱ ጋር ትገጥማለች። ብዙ ሰው እዚ ላይ አቁሞ መለካት ይጀምራል። ችግሩ ይቺ ቲ በየዙሩ ነው የምትመጣው፣ ቫልቮቹ ደሞ አንድ ጊዜ ሥራቸውን የሚጨርሱት በሁለት ዙር ነው፣ ስለዚ ከሁለቱ አንዷ ቲ ብቻ ናት ኮምፕሬሽን ላይ ያለችው፣ በሌላኛዋ ቫልቮቹ ተጭነው ነው ያሉት። በጣት ሮከሮቹን ነቅነቅ አድርጉ፣ ሁለቱም ትንሽ ትንሽ ቸክ ቸክ ካሉ ልክ ናችሁ፣ ካላሉ አንድ ሙሉ ዙር ጨምሩ። ግን ቫልቩ ቀድሞ ከመጠን በላይ ጠቦ ከሆነ ትክክለኛው ቦታ ላይም አይነቃነቅም፣ እና ሰው ግራ ይጋባል። ከዚ ሁሉ የሚሻለው የኢንቴኩን (የአየር ማስገቢያ ቫልቩን) ሮከር በዓይን መከተል ነው፣ ቫልቩን ጫን አድርጎ ሲለቀው ካያችሁ በኋላ የምትመጣዋ የመጀመሪያ ቲ ትክክለኛዋ ናት። ከቲ ትንሽ ቀደም ብላ የምትመጣዋ ኤፍ ደሞ የካንዴላ ብልጭታ ጊዜ ምልክት ናት፣ በሷ ላይ የሚያቆምም አለ።

ልኬቱን ከጓደኛ ሞተር መዋስም አለ። ትናንሽ ኢንጂኖች በብዛት ከ0.05 እስከ 0.10 ሚሊ ሜትር መሃል ናቸው፣ ብዙ ጊዜ ኤግዞስቱ (የጭስ ማውጫ ቫልቩ) ትንሽ ሰፋ ይላል፣ ግን የናንተን ከማንዋሉ እዩ። መለኪያው ፊለር ጌጅ የሚባለው ቀጫጭን የብረት ቅጠል ነው፣ መለዋወጫ ሱቅ ይገኛል፣ ውድም አይደለም። በምላጭ የሚለኩ አሉ፣ እውነቱን ለመናገር ሙሉ በሙሉ እብደት አይደለም ምክንያቱም የተለመደው ምላጭ ውፍረቱ 0.10 ገደማ ነው፣ ለ0.05 ግን ምን ልታደርጉ ነው? ቅጠሉ ሲሳብ ያዝ ያዝ እያደረገ መውጣት አለበት፣ ዝም ብሎ ከወጣ ሰፍቷል፣ ታግላችሁ ካወጣችሁት ጠቧል።

ለክታችሁ ሮከሩ ላይ ያለውን ዳዶ ስታጠብቁ ደሞ መሃሉ ያለችው፣ ክፍተቱን የምታስተካክለው ብሎን አብራ ትዞራለች፣ አሪፍ አድርጎ የለካ ሰው ሁሉ እዚ ይበላል። ብሎኗን በአንድ እጅ ይዛችሁ ዳዶውን አጥብቁ፣ ከዛ እንደገና ለኩ፣ ከዛ ኢንጂኑን ሁለት ዙር አዙራችሁ አሁንም ለኩ። በጉልበት አታጥብቁ፣ ትንሽዬ ዳዶ ናት ጥርሷ ይበላል።

ድምፅ ለማጥፋት ብሎ ማጥበብ! ይሄ በጣም ያናድደኛል። ቫልቭ ቀጭ ቀጭ ሲል ሰው ኢንጂኑ ያለቀ ይመስለውና ፀጥ እስኪል ያጠበዋል፣ "አየህ እንዴት ሰላም ሆነች" ብሎ ይመርቃል። ኤግዞስት ቫልቭ ሙቀቱን በብዛት የሚያራግፈው ሲዘጋና መቀመጫው ላይ ሲያርፍ ነው፣ ከጠበበ በደንብ አይዘጋም፣ ካልተዘጋ ይጋያል፣ ኮምፕሬሽን ያመልጣል፣ ከዛ ጠዋት ፔዳል መርገጥ ነው ሥራችሁ። በዛ ላይ ሞተሯ በተነዳች ቁጥር መቀመጫው እየተበላ ስለሚሄድ ክፍተቱ በራሱ ጊዜም ይጠባል፣ ስለዚ ፀጥ ማለቷ ጤና ነው ብላችሁ አትሸወዱ። ትንሽ ብትንኳኳ ይሻላል።

ወደ ካርቡራቶሩ ስንመጣ ሥራው የሚሠራው በተቃራኒው ኢንጂኑ ሞቆ ነው፣ ትንሽ ነድታችሁ ከተመለሳችሁ በኋላ፣ ቾኩ (የቀዝቃዛ ማስነሻው) ወደማይሠራበት ቦታ ተመልሶ። በውርጭ ጠዋት ቀዝቃዛ ኢንጂን ላይ ሚኒሞ ከፍ አድርጎ የተገላገለ ሰው ቀን ላይ ሞተሯ ቆማ ስትጮህበት ትውላለች ያው።

ሁለቱን ብሎኖች ማምታታት እዚ ጋ የተለመደ ነው። አንዷ ስላይዱን (ጋዝ ስትሰጡ ከፍ የሚለውን) ከፍ ዝቅ የምታደርግ የሚኒሞ ብሎን ናት፣ ሌላኛዋ የቤንዚንና የአየር ድብልቅ የምታስተካክል። ሁለተኛዋ ደሞ እንደ ቦታዋ ሥራዋ ይገለበጣል፣ ወደ ፊልትሮው በኩል ከሆነች አየር ነው የምትቆጣጠረው ስትፈቷት ቤንዚኑ ይሳሳል፣ ወደ ኢንጂኑ በኩል ከሆነች ስትፈቷት ቤንዚን ይጨምራል። ይሄን ሳያውቁ "ሁለት ዙር ፍታ" የሚል ምክር መቀበል ትርፉ ድካም ነው። ከመፍታታችሁ በፊት ቀስ ብላችሁ ወደ ውስጥ አዙሩና ስንት ዙር እንደነበረች ፃፉ፣ ሲነካ አቁሙ፣ ጫፏ መርፌ ስለሆነች ከጨከናችሁባት ትሰበራለች ወይ መቀመጫዋን ታሰፋለች። ስትወጣ ስፕሪንግና ሚጢጢ ጎማ አብሯት አለ፣ ጨርቅ አንጥፉ።

ጂግለር (ቤንዚን የሚያልፍባትን ቀዳዳ ያላት ትንሽ ናስ) በሽቦ መጎርጎር፣ በፍፁም። ናስ ለስላሳ ነው፣ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ከዛ በኋላ ቤንዚን ትጠጣለች። ጎሚስታ ጋ ወስዳችሁ በአየር አስነፉት፣ ተንሳፋፊውንና መርፌውን ግን አውጥታችሁ። ቆሻሻው ከየት መጣ ካላችሁ ደሞ ቤንዚን ሲጠፋ መንገድ ዳር በሃይላንድ ከምትገዙት ነው በብዛት፣ በጨርቅ አጥልሉት።

መልሳችሁ ስትገጥሙ ስላይዱ ላይ ያለው ቦይ ከፒኗ ጋር መግጠሙን እዩ፣ ተገልብጦ ከገባ ሞተሯ ስትነሳ በሙሉ ጋዝ ነው የምትጮኸው። እና ይሄን ሥራ በብርድ ሰበብ ቤት ውስጥ ከሰል ማንደጃ አጠገብ የምትሠሩ ሰዎች እባካችሁ! የካርቡራቶሩ ሆድ ሲከፈት ቤንዚን ይፈሳል፣ ትነቱ ከእሳቱ ጋር ለመገናኘት አይቸገርም። በር ዘግቶ ኢንጂን ማስነሳትም ጭሱ ይገድላል።

ሚኒሞው ወጣ ገባ እያለ አልረጋ ካለ ብሎኖቹን ከማሽከርከር በፊት ካርቡራቶሩና ኢንጂኑ የሚገናኙበትን ጎማ እዩት፣ ተሰንጥቆ አየር እየሳበ ከሆነ ምንም ብታዞሩ አይስተካከልም። በምትሠራበት ሰዓት ውሃ ርጭ አድርጉበት፣ ድምጿ ከተቀየረ ተገኘ።

የመጨረሻው የኛ አገር ጉዳይ ነው፣ ከፍታ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ጣርማበር 3,000 ታልፋለች፣ ደብረ ሲናን ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ስትገቡ ደሞ 1,300 ገደማ ናችሁ። ደብረ ብርሃን ላይ አየሩ ከባህር ወለሉ ወደ ሩብ ገደማ የሳሳ ስለሆነ ካርቡራቶሩ የለመደውን ቤንዚን ሲሰጥ ይበዛል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ሞተሯ ትደክማለች። ጀማሪው ይሄን በድብልቅ ብሎኗ ሊያስተካክል ይሞክራል፣ ብሎኗ ግን የምትሠራው ሚኒሞ ላይና ጋዝ ገና ሲከፈት ብቻ ነው፣ ሙሉ ጋዝ ላይ ያለውን የሚወስነው ዋናው ጂግለር ነው። ከደጋ የማይወርድ ሰው ዋናውን ጂግለር በአንድ ቁጥር ዝቅ ቢያደርግ ልዩነቱን ያየዋል። ቁልቁል ወርዶ ማሾ ወይ ሽንኩርት ጭኖ የሚመለስ ሰው ግን አይንካው፣ ደጋ ላይ ያሳሳው ቤንዚን ቆላ ላይ ጭራሽ ያንሳል፣ ኢንጂኑ ይግላል፣ ሲብስ ፒስተን ይበሳል። ከነካችሁት ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ካንዴላውን ሲበርድ አውጥታችሁ ጫፉን እዩት፣ ቡናማ ከሆነ መንገዳችሁን ቀጥሉ፣ ነጭ ከሆነ የድሮውን ጂግለር ሳትመልሱ ዳገቱን አትጀምሩ።