መስኮት ስር የምትውል በቀቀን ለምን ትደክማለች?

ደብረ ብርሃንም ሆነ መሐል ሜዳ፣ ብርዱ ስለማይቻል የወፏ ኬጅ የሚቀመጠው ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ስር ነው። ሙቀቱ ጥሩ ነው። ጣጣው መስታወቱ ነው።

ምልክት፦ እንጨቷ ላይ አጥብቃ መቆም ያቅታታል፣ ትንቀጠቀጣለች፣ የምትጥለው እንቁላል ቅርፊቱ ይሳሳል።

ምክንያት፦ ተራ መስታወት ብርሃኑን ያስገባል። ወፏ ቫይታሚን ዲ 3 የምትሠራበትን፣ በዓይን የማይታየውን የፀሐይ ጨረር (ዩቪ ቢ) ግን ውጭ ያስቀረዋል። ዲ 3 ሲያንስ የምትበላው ካልሲየም ሰውነቷ ውስጥ በደንብ አይገባም። ሱፍ ብቻ የምትበላ ከሆነ ደግሞ ካልሲየሙ ራሱ ትንሽ ነው። ግራጫዋ የአፍሪካ በቀቀን በዚህ በጣም ትጎዳለች።

መፍትሄ፦ ዩቪ ቢ የሚሰጥ አምፖል ከመግዛታችሁ በፊት ፀሐዩን ተጠቀሙበት። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከፍታው በጨመረ ቁጥር ዩቪው ይበረታል። ውርጩ ከለቀቀ በኋላ፣ ረፋድ ላይ፣ ነፋስ የማይመታው ጥግ ፈልጋችሁ ኬጁን አውጡ። 20 ወይም 30 ደቂቃ ይበቃል። የኬጁን ግማሽ በነጠላ ሸፍኑላት፤ ሲሞቃት ራሷ ጥላው ውስጥ ትገባለች። ድመትና ጭልፊት ስላለ ከአጠገቧ አትራቁ። ጎመንም በደቃቁ ከትፋችሁ ስጧት። ወድቃ የምትንፈራገጥ ከሆነ ግን የዚያኑ ቀን የእንስሳት ሐኪም ያስፈልጋታል።

ክረምት ሲገባና ጭጋጉ አላስወጣ ሲል አምፖል ይመጣል። እዚህ ላይ ብዙ ወፍ ይጎዳል።

ምልክት፦ አምፖሉ ከተገጠመ ወዲህ ዓይኗን ጨፍና ትውላለች፤ ዓይኗ ያብጣል፣ ያነባል።

ምክንያት፦ ጀርም መግደያ አምፖል ተገዝቶ ይሆናል፤ እሱ ዓይን ያቃጥላል፣ ለእናንተም አደገኛ ነው። ለእንሽላሊትና ለኤሊ የተሠራውም ለወፍ ይበረታባታል። ወይም መብራቱ ከጎን ነው የሚመታት።

መፍትሄ፦ አሁኑኑ አጥፉት፣ ለሐኪም አሳዩአት። በኋላ ለወፍ ተብሎ የተሠራ ግዙ። ከላይ ስቀሉት፣ ከመቆሚያዋ ከ30 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር አርቁት፤ ካርቶኑ ላይ ሌላ ርቀት ከተጻፈ እሱን ተከተሉ። ሱቅ ውስጥ ብር የሚመረመርበት ሐምራዊ መብራት ለዚህ አይሆንም፤ ዲ 3 አያሠራም።

አምፖሉ ይበራል፣ ድካሙ ግን ተመለሰ? ዩቪ ቢው ከብርሃኑ ቀድሞ ያልቃል። ብዙዎቹ በ6 ወር እስከ 1 ዓመት ውስጥ ይቀየራሉ። የገጠማችሁበትን ቀን ጫፉ ላይ ጻፉበት።

ላባዋን ትነጫለች፣ እንቁላል በላይ በላዩ ትጥላለች? መብራቱ ሌሊትም አይጠፋ ይሆናል። ከምሽት እስከ ንጋት ጨለማ ስጧት፤ ዩቪው ቀን ላይ ለጥቂት ሰዓት ይበቃታል።