ጡረታው አሜሪካ፣ ባለመብቱ ጅማ

አባታችሁ ወይም እናታችሁ አሜሪካ በሆቴል፣ በአየር ማረፊያ ወይም በነርሲንግ ሆም ሠርተው ጅማ ገብተዋል? መሥሪያ ቤታቸው ጡረታ ወይም ፎር ኦ ዋን ኬ (ከደሞዝ እየተቆረጠ የሚጠራቀም የጡረታ ቁጠባ) ነበረው ወይ ብላችሁ ጠይቋቸው። «ከደሞዜ ትንሽ ትንሽ ይቆርጡ ነበር» ካሉ ጉዳዩን እንዳትተዉት። ገንዘቡ እስከ ዛሬ በስማቸው ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ደብዳቤው ግን ድሮ ወደተከራዩት አፓርትመንት እየሄደ ነው።

ፕላኑ፣ ማለትም የጡረታውን ገንዘብ የሚያስተዳድረው አካል፣ ዝም ማለት አይፈቀድለትም። ሲዘጋ ማሳወቅ አለበት፤ ባለመብቱ 73 ዓመት ሲሞላውም በየዓመቱ መውጣት ያለበት ገንዘብ አለ። ደብዳቤው ከተመለሰ ሰውየውን ማፈላለግ ይጠበቅበታል። የአሜሪካ የሠራተኛ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ምክር የአሠሪውን መዝገብ ማገላበጥ፣ ወራሽ ተብሎ የተመዘገበውን ሰው መጠየቅ፣ የድሮ ባልደረቦችን ማነጋገር፣ በአደራ ደብዳቤ መሞከር ሁሉ ተካቷል። ጥሩ ነው። ግን ይህ ሁሉ ፍለጋ አሜሪካ ውስጥ ላለ ሰው ነው የሚሠራው። ሄርማታ ወይም ቦሳ ኪቶ ያሉትን አባት ማን ያገኛቸዋል? ስለዚህ እኛው ቀድመን «እዚህ ነን» ማለት አለብን።

ስም ደግሞ የባሰ ያስቸግራል። እዚያ ፋይል ላይ የአባት ወይም የአያት ስም «ላስት ኔም» ሆኖ ገብቷል። ከድር የሚለው አንድ ቦታ በኬ፣ ሌላ ቦታ በኪው ተጽፏል። የልደት ቀኑም ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲገለበጥ ተዛብቶ ይሆናል። ለፕላኑ ስትጽፉ በድሮው የደሞዝ ወረቀት ላይ የነበረውን ስም እንዳለ ተጠቀሙ፤ የአሁኑን ፓስፖርት አጻጻፍ ከጎኑ አስቀምጡ።

ፕላኑ የት እንዳለ ካላወቃችሁ የድሮ ደብሊው ቱ (አሠሪው በየዓመቱ የሚሰጠው የደሞዝና የታክስ ወረቀት) ፈልጉ። ሣጥን 12 ላይ «ዲ» የሚል ኮድ ካለ ፎር ኦ ዋን ኬ ይቆረጥ ነበር ማለት ነው። የሠራተኛ ሚኒስቴሩ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 የጠፉ ጡረታዎች መፈለጊያ ድረ ገጽ ከፍቷል። ፒቢጂሲ የሚባለው የጡረታ ዋስትና ድርጅትም ያልተጠየቁ ጡረታዎች ዝርዝር አለው። ሁለቱም ነፃ ናቸው። «ፈልጌ ላግኝላችሁ፣ ፐርሰንት ስጡኝ» ለሚል ሰው አትፈርሙ። አሠሪው «እኛ ጋ ምንም የለም» ቢል ደግሞ ወዴት እንደተዛወረ ጠይቁ። 7,000 ዶላርና ከዚያ በታች ያለውን ፕላኑ ያለ ባለመብቱ ፈቃድ ወደ ሌላ የጡረታ ሒሳብ ማዛወር ይችላል።

አድራሻው ላይ ጊዜ ውሰዱ። «ከአጂፕ ከፍ ብሎ መስጊዱ አጠገብ» ለባጃጅ ሹፌር ይበቃል፣ ለአሜሪካ ደብዳቤ ግን አይሆንም። የፖስታ ሣጥን ቁጥር ስጡ። እናንተ ቤት ከሌለ የዘመድ ወይም የመሥሪያ ቤት ሣጥን በባለቤቱ ፈቃድ «በእገሌ በኩል» ተብሎ ይጻፍ። ስልክና ኢሜይልም ጨምሩ። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ግን በኢሜይል አትላኩ።

ፕላኑ እናንተን ብቻ አያናግርም። አባትየው መስመር ላይ መሆን ወይም በጽሑፍ ውክልና መስጠት አለባቸው። የሦስትዮሽ ጥሪ አድርጉ፤ አስተርጓሚም ጠይቁ። ዋሽንግተን ጠዋት 3 ሰዓት ሲሆን ጅማ ከቀኑ 10 ወይም 11 ሰዓት ነው፣ ለሽማግሌም አይከብድም።

ታክስ አለ። የአሜሪካ ዜጋ ወይም ነዋሪ ላልሆነ ሰው አብዛኛውን ጊዜ 30 በመቶ ይቆረጣል፤ ኢትዮጵያ ይህን የሚቀንስ የታክስ ስምምነት ከአሜሪካ ጋር የላትም።

በመጨረሻ የወራሽ ፎርሙን አስሞሉ። ይህን በጣም አደራ እላለሁ። ባለመብቱ ካረፉ በኋላ ፕላኑ የሚያየው ፎርሙን እንጂ የጅማ ፍርድ ቤት የሰጠውን የወራሽነት ማስረጃ አይደለም። በፎር ኦ ዋን ኬ ደግሞ የትዳር ጓደኛ በጽሑፍ ካልተስማማ በስተቀር ቀዳሚው ወራሽ እሱ ወይም እሷ ነች። አባታችሁ ከእናታችሁ ተፋትተው ሌላ አግብተው ከሆነ ፎርሙ ላይ ያለው ስም የማን እንደሆነ ዛሬውኑ ይጠየቅ።