ክሮሳን በዋፍል ማሽን

ቤት ውስጥ የዋፍል ማሽን ካላችሁ ይህችን ሞክሯት። ያልተጋገረ የክሮሳን ሊጥ ማሽኑ ውስጥ ከትቶ መጋገር ነው፣ በቃ። ውጩ ኩርሽም ይላል፣ ውስጡ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል።

ሊጡ ከፍሪዘር የወጣ ከሆነ አትቸኩሉ። በረዶው ይልቀቀው፣ ከዚያ ኩፍ ይበል። በጣት ነካ ስታደርጉት ቀስ ብሎ ከተመለሰ ደርሷል። በጣም ሞቃት ቦታ ግን አታስቀምጡት። በሊጡ ንብርብሮች መካከል ያለው ቅቤ ከቀለጠ ንብርብሩም አብሮ ይጠፋል።

ማሽኑን በደንብ አግሉት። ሊጡን በሁለቱም በኩል ስኳር ላይ ጫን ጫን አድርጉና አስገቡት። ስኳሩ ቀልጦ ሲቀዘቅዝ እንደ ከረሜላ ቀጭን ሽፋን ይሠራል። ለእኔ ዋናው ጣዕም እሱ ነው! ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ይበቃዋል። ገና እንደገባ ክዳኑን አትክፈቱ፣ ሊጡ ለሁለት ይቀደዳል። እንፋሎቱ ቀነስ፣ ቀለሙ ቡናማ ሲል በእንጨት ማንኪያ አውጡት። የቀለጠ ስኳር ክፉኛ ስለሚያቃጥል በእጅ እንዳትነኩት። ሳህን ላይ ሳይሆን የሽቦ መደርደሪያ ላይ ይቀዝቅዝ፣ አለዚያ ከሥሩ ያልበዋል።

ከላዩ ክሬምና ፍራፍሬ ካደረጋችሁበት ደግሞ፣ ክሬሙን ከፍሪጅ እንደወጣ ምቱት። ጫፉ ቀጥ ብሎ ሲቆም በቃ፣ ካለፈ ወደ ቅቤነት ይሄዳል። ትኩስ ክሮሳን ላይ ከተደረገ ደግሞ ቀልጦ ይፈሳል። እንጆሪ ከሆነ ታጥቦ ውሃው በደንብ ይድረቅ። ሙዝ ስለሚጠቁር መጨረሻ ላይ ይከተፍ። ክሬሙንም ፍራፍሬውንም ልትበሉ ስትሉ ብቻ ጨምሩ።