ጅማ ላይ ኦሮምኛ ለምትሰሙ ግን ለማትናገሩ

ጅማ እየኖራችሁ «ኦሮምኛ እሰማለሁ፣ ግን አልናገርም» የምትሉ ሰዎች፣ ይቺ ምክር ለእናንተ ናት።

መስማትና መናገር አንድ ሥራ አይደሉም። ስትሰሙ ቃሉን ሌላ ሰው አምጥቶላችኋል፣ የእናንተ ድርሻ መለየት ብቻ ነው። ስትናገሩ ግን ራሳችሁ ፈልጋችሁ ማውጣት አለባችሁ፤ ያውም ሻጯ ቆማ እየጠበቀቻችሁ። ለዚህ ነው ዓመታት መስማት ብቻውን አፍ የማይፈታው።

ሂርማታ ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት የምትገዙትን ቤት ውስጥ ድምፅ አውጥታችሁ በሉት። በልብ ማለት አይቆጠርም! ለምሳሌ «ቲማቲመ ኪሎ ለመ ነን በርባደ»፣ ማለትም ሁለት ኪሎ ቲማቲም እፈልጋለሁ። ግሱ እንደ አማርኛው መጨረሻ ላይ ነው፤ በዚህ በኩል ተገላግለናል። ቁጥሩ ግን ከኪሎው በኋላ ይመጣል። ቅጽልም እንደዚሁ ስሙን ይከተላል፤ «ትልቅ ቤት» ለማለት ቤቱ ይቀድማል። ምላስ የሚተሳሰረው እዚህ ጋ ስለሆነ፣ ልምምዱን እዚሁ ላይ አብዙት።

ሌላው ችግር የሰዉ ደግነት ነው። ትንሽ ስትንተባተቡ ሻጮቹ ያዝኑላችሁና ወደ አማርኛ ይዞራሉ። ጅማ ላይ ሁለቱንም የሚችል ሰው ሞልቷል፣ እሱ ነው የሚያሰንፈን። ቀድማችሁ «እየተማርኩ ነው እናቴ፣ በኦሮምኛ ያናግሩኝ» በሏቸው። ብዙዎቹ ደስ ይላቸዋል፣ እየሳቁም ያርሟችኋል። ሂሳቡ ላይ ከተምታታባችሁ ግን ያለ ምንም ሀፍረት በአማርኛ ጨርሱ፤ ብር ነው እንግዲህ።